ሥዕሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሥራውን ለሌላ ሲያሳይ ዘወትር የሚገጥመው ነገር አለ፤ ተመልካቹ የሚደነቀው በሚንቀሳቀሰው ነው። ነጥቦች ከላይ ይረግፋሉ፣ እየተደራረቡ የደወል ቅርጽ ያለው ክምር ይሠራሉ፣ ተራኪው ድምፅ ያብራራል፣ ቀለሙ ይለዋወጣል። ተመልካቹም «ምነው ይህን እኔ ተማሪ ሳለሁ ባገኘሁት ኖሮ» ይላል። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ላለፉት ጥቂት ዓመታት በትርፍ ጊዜያችን እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ስንሠራ ይህን አድናቆት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ደስ አይልም ማለት አልችልም። በሦስታችን መካከል የተነሣው ክርክር ሁሉ ግን ያጠነጠነው ማንም ጎብኚ ልብ በማይላት አንዲት ጸጥ ያለች ገጽ ላይ ነው። ገጿ ከእንቅስቃሴው በፊት ትመጣለች፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ተማሪው ግምቱን ካላስቀመጠ በስተቀር ወደፊት አታሳልፍም።

ይህ የመምህራን የጓዳ ወሬ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ኢትዮጵያ ስለ ራሷ የምታውቀው አብዛኛው ነገር ከናሙና የተገኘ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ የተቆጠረው 73.75 ሚሊዮን ሰው ነበር፤ ተከታዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. ከነበሩበት 58 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 በመቶ ወረዱ ስንል፣ የምንናገረው ከሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በመጥቀስ ነው። ያንን አኀዝ በየቢሮው የሚያነብቡት፣ በጀት የሚመድቡበት ወይም «ውሸት ነው» ብለው የሚጥሉት ሰዎች በኢኮኖሚክስ፣ በኅብረተሰብ ጤና ወይም በሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች አንድ ሴሚስተር የስታቲስቲክስ መግቢያ ወስደው የወጡ ናቸው። በዚያ አንድ ሴሚስተር የናሙና ምሥጢር ካልገባቸው፣ አኀዙን የሚቀበለውም የሚያጣጥለውም እኩል ያለ ምክንያት ይሆናል። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይህ ነው።

የ2008ቱን ጥናት በቅርብ እንየው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ያነጋገሩት 16,650 ቤተሰቦችን ነው። ለ1999ኙ ቆጠራ ሲባል አገሪቱ በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ ነበር፤ ከእነዚህ 645ቱ በዕጣ ተመረጡ፤ ከእያንዳንዱም 28 ቤተሰብ እንዲሁ በዕጣ ተወሰደ። የአንዳንዶቹ ቤት ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ ጥቂቶቹም ቃለ መጠይቁን አላጠናቀቁም፤ የቀሩት እነዚያ 16,650 ናቸው። ይህን ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብትነግሩት የሚመልስላችሁ አንድ ነው፤ «ይህ መቶ ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን ሕዝብ እንዴት ይበቃል?» («ገደማ» ያልኩት ሆነ ብዬ ነው፤ የዚያን ዓመት የሕዝብ ብዛት በተመለከተ የመንግሥት ትንበያና የተባበሩት መንግሥታት ግምት በሚሊዮኖች ይለያያሉ።)

ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከደመ ነፍስ ጋር ይጋጫል፤ ዕጣው በትክክል እስከወጣ ድረስ የናሙናን አስተማማኝነት በዋናነት የሚወስነው የናሙናው መጠን እንጂ ናሙናው የተወሰደበት ሕዝብ ብዛት አይደለም። ከሕፃናቱ 38 በመቶ የቀነጨሩበት አንድ አገር አለ እንበል። ከሕፃናቱ 400ውን በቀጥታ ዕጣ ብንወስድ፣ ከመቶ ዕጣዎች በዘጠና አምስቱ ገደማ የምናገኘው ውጤት ከእውነተኛው አኀዝ ከ4.8 ነጥብ በላይ አይርቅም። 1,600 ብንወስድ ርቀቱ በግማሽ ቀንሶ 2.4 ይሆናል። አገሩ መቶ ሺህ ሕፃናት ቢኖሩት 2.4 ነው፤ መቶ ሚሊዮን ቢኖሩትም ያው 2.4 ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው የአስርዮሽ ቤት ላይ ብቻ ነው። ወጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሠርግ ድስትም ይሁን የቤት ድስት፣ ጨው ለመቅመስ አንድ ጭልፋ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው በደንብ መማሰሉ ነው።

ምሳሌው ይገባል፣ ተማሪውም ራሱን ይነቀንቃል፤ በፈተና ላይ ግን ተመልሶ «ሕዝቡ ሺህ እጥፍ ቢበዛ ናሙናውም በዚያው ልክ መብዛት አለበት» ብሎ ይጽፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳስተምር ይህን አይቻለሁ፤ እዚህ አሜሪካም ያው ነው። የመልቲሚድያ ሶፍትዌር ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ተስፋ መቁረጥ ነው። በቃል የማይገባው በዓይን ይገባ ይሆናል፤ አንድ ሺህ ናሙና በእጅ ማውጣት የማይችል ተማሪ ኮምፒዩተሩ በሁለት ሴኮንድ ሲያወጣለት ያይ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ፖል ቬልማን «አክቲቭስታትስ» የተባለውን ሥራ በሲዲ አወጣ፤ ቪዲዮ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ መልመጃና የመረጃ መተንተኛ በአንድ ላይ ተጣምረውበት ነበር። በዚያው ዘመን ሮበርት ዴልማስ «ሳምፕሊንግ ሲም» የተባለ፣ ናሙናዎች ሲደጋገሙ አማካዮቻቸው እንዴት እንደሚከማቹ የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራ። ዴልማስ፣ ጆአን ጋርፊልድና ቤት ቻንስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጽሑፍ በዚህ መስክ ካነበብኳቸው ሁሉ የበለጠ ሐቀኝነት ያለበት ነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር፤ መምሪያው በጥንቃቄ ተጽፎ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተጠቀሙበት፣ ውጤታቸውም ተሻሻለ። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዋናው ሐሳብ ሳይገባቸው ቀረ። ዓይናቸው አይቷል፤ አእምሯቸው ግን የድሮውን እምነቱን እንደያዘ ነው። አጥኚዎቹም ሥዕሉን ከማሳመር ይልቅ አሠራሩን ለወጡ። ተማሪው መጀመሪያ የሚጠብቀውን እንዲናገር፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን በመጠቀም የራሱን ግምት እንዲፈትሽ አደረጉ። መሻሻሉ ጎልቶ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምንም ሳይገምት የተመለከተ ሰው ያየው ነገር ሁሉ «የታወቀ» ይመስለዋል፤ የሚያስገርመው ነገር የለም፣ ምክንያቱም የሚቃረነው ነገር አላስቀመጠም። በነገራችን ላይ በሃንስ ሮስሊንግ ተንቀሳቃሽ አረፋዎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ2006ቱ ንግግሩ ሚሊዮኖችን ስለ ዓለም ያላቸውን አመለካከት እንዲመረምሩ አድርጓል፤ ለዚህም ቢሆን ሮስሊንግ አድማጮቹን አስቀድሞ በጥያቄ መፈተን ይወድ ነበር። እርሱን የቀዱት ብዙዎች ግን ጥያቄውን ትተው አረፋውን ወሰዱ። በዚያ ላይ አረፋው የሆነውን ያሳያል እንጂ መሆኑን እንዴት እንዳወቅን አያሳይም፤ ኢትዮጵያን የምትወክለው አረፋ ስትንሳፈፍ ከኋላዋ ያሉት 645 ቦታዎች አይታዩም።

የእኛ ሶፍትዌር ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የ38 በመቶውን ምናባዊ አገር ይሰጠዋል። ከአገሩ 400 ሕፃናት በዕጣ እንደሚወጡ፣ ይህም አምስት መቶ ጊዜ እንደሚደገም ይነገረዋል። ከዚያም በጣቱ ስክሪኑ ላይ የሚጠብቀውን ክምር ቅርጽ እንዲሥል ይጠየቃል፤ የት ይጀምራል፣ የት ይከመራል፣ የት ያልቃል? ምርጫ ያለው ጥያቄ አንጠቀምም፤ ምርጫ የቀረበለት ተማሪ መካከለኛውን ይዞ ያመልጣል። በጣት የተሣለ መስመር ግን የእርሱ ነው። ቀጥሎ ነጥቦቹ በዚያው መስመር ላይ ይረግፋሉ፤ መስመሩም አይጠፋም። ከዚያ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ አገሩ ሺህ እጥፍ ቢሰፋ ክምሩ ምን ይሆናል? አብዛኞቹ ሰፋ አድርገው ይሥላሉ። ነጥቦቹ ግን በመጀመሪያው ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ኢትዮጵያ ያለው ባልደረባዬ እንደሚለው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ብዙውን ጊዜ «ተበላሽቷል» ነው። ተማሪዎቹ ደግመው ይነካሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ከጓደኛቸው ጋር ያነጻጽራሉ። ያች የጥርጣሬ ደቂቃ ናት የምናስተምርባት።

ሦስተኛው ጥያቄ ከመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድል ነው። 16,650 ቤተሰብ በቀጥታ ዕጣ ከመላ አገሪቱ ተበትኖ የወጣ አይደለም፤ 28ቱ የአንድ ቆጠራ ቦታ ጎረቤታሞች ናቸው። የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፣ ዝናቡ የጎደለባቸው በአንድ ዓመት ነው፣ የሚታከሙት በአንድ ጤና ኬላ ነው። አንዱን የጠየቀ ሌላውን በከፊል ጠይቋል። በስሌት እንየው። የጎረቤታሞቹ መመሳሰል ልኬት 0.05 ቢሆን፣ ከአንድ ቦታ 28 መውሰድ የስሕተቱን ልይይት 2.35 እጥፍ ያደርገዋል፤ ያ 16,650 ቤተሰብ የሚመዝነው በቀጥታ ዕጣ የወጣ 7,085 ቤተሰብ ያህል ነው ማለት ነው። አሁንም ብዙ ነው፣ ለአገር አቀፍ አኀዝ ይበቃል። ለአንድ ወረዳ ግን ምንም አይልም፤ አብዛኞቹ ወረዳዎች ከ645ቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቦታ፣ ወይም ጭራሽ ምንም ስለማይኖራቸው። የወረዳ ባለሥልጣን የአገሪቱን አኀዝ ወስዶ የራሱን ዕቅድ ሲያዘጋጅ፣ ወይም እዚህ ውጭ አገር አንዳችን አንዱን ክልል ከሌላው በአንድ ነጥብ ልዩነት ስናበላልጥ፣ የምንዘነጋው ይህችን 28 ናት።

ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ሌሊት የወሰደብን ግን ቃል ነው። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም፣ መጽሐፉም። ተማሪው ግን ከጓደኛው ጋር ሲከራከር በእንግሊዝኛ አይከራከርም። ስለዚህ ትረካውን በአማርኛ ስንጀምር፣ የተለመዱትን ትርጉሞች ስንጠቀም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ወጥመድ ይዘው መጡ። «ሕዝብ» የተባለ ተማሪ ሰውን ብቻ ያስባል፤ የአንድ መጋዘን የጤፍ ከረጢቶችም በስታቲስቲክስ ቋንቋ «ሕዝብ» መሆናቸውን ለማሳመን አንድ ተጨማሪ ገጽ ያስፈልጋል። «ጉልህ ልዩነት» ሲባል ትልቅ ልዩነት ይመስለዋል፤ ናሙናው ሰፊ ከሆነ ለማንም የማይጠቅም ቅንጣት ልዩነትም «ጉልህ» ሊባል እንደሚችል አይጠረጥርም። ከሁሉም የከፋው «በዘፈቀደ» ነው። በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች የዕጣ ናሙና «በዘፈቀደ የተወሰደ ናሙና» ይባላል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን በዘፈቀደ የሚሠራ ሰው ደንብ የማያከብር፣ እንዳሻው የሚያደርግ ነው። «ጥናቱ በዘፈቀደ በተመረጡ ቤተሰቦች ላይ የተካሄደ ነው» የሚለውን ዜና የሰማ ሰው ጥናቱን ቢንቀው ጥፋቱ የእርሱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

እኛ «በዕጣ» የሚለውን መረጥን። ዕጣ ደንብ አለው፤ ደንቡንም ሁሉም ያውቃል። ዕቁብ የጣለ ሁሉ ወረቀቶቹ እኩል መቆረጥ፣ እኩል መታጠፍ፣ ከዚያም መናወጥ እንዳለባቸው ያውቃል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የዕቁቡ ዳኛ አይለቀቅም። ዕቁብ የወጣለት ሰው ስሙ ወደ ዕጣው አይመለስም፤ በመማሪያ መጽሐፍ ሁለት ገጽ የሚፈጀው «ሳይመልሱ ማውጣት» የሚባለው ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ዕጣ ሌላም ነገር ያስተምራል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ ከቀናት በኋላ በከተማው አስተዳደር ተሰርዟል፤ መግባት የማይገባቸው ሰዎች በዝርዝሩ ተካተው መገኘታቸው ስለ ተገለጸ። ለስታቲስቲክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ዕጣ የቱን ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ከዝርዝሩ የተሻለ ሊሆን አይችልም። ይህን በምሳሌነት ስናስገባ ተማሪዎቹ የናሙና ዝርዝር ምን እንደሆነ ማብራሪያ አልጠየቁም።

አንባቢ ቀድሞኝ «አማርኛስ ለሁሉም ነው ወይ?» እንደሚል አውቃለሁ። አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ የሚያስቡ ተማሪዎች አሉ። መልሳችን ፖለቲካዊ ሳይሆን የአሠራር ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ አንድም ፊደል አልተነቀሰም፤ ጽሑፉ በሙሉ በተለየ ፋይል፣ ድምፁም በየገጹ ተከፋፍሎ በሌላ ፋይል ተቀምጧል። ትምህርት ክፍሉ ከፈለገ በአንድ ሳምንት የራሱን ድምፅ ቀድቶ ሊተካ ይችላል። እዚህ ላይ ሪቻርድ ሜየር ስለ መልቲሚድያ ትምህርት ባደረጋቸው ምርምሮች ያረጋገጠው አንድ ነገር ረድቶናል፤ ተራኪው የሚናገረውን ቃል በቃል ስክሪን ላይ መጻፍ ሥዕሉን በሚከታተል ተማሪ ላይ ሸክም ይጨምራል። ስለዚህ ድምፁ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ያብራራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው በፈተና የሚገጥመው የእንግሊዝኛው ቃል ብቻ ነው። ሁለቱ አይደጋገሙም፤ ይደጋገፋሉ።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልለፈው፣ ለፖሊሲ የሚያስፈልገው ትንሽ ስለሆነ። ተማሪው ያለው መሣሪያ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔቱ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አይኖርም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች ሜጋባይት ይመዝናል። ሥዕሉን ቀድቶ ከመላክ ይልቅ ስልኩ ራሱ እንዲሥለው ትእዛዙን መላክ ይቻላል፤ ያ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው። ድምፅ በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ሲቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 11 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ የሴሚስተሩ ትረካ በሙሉ አንድ ጊዜ በቴሌግራም ከተላከ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቢሆንም ብዙ የግራፍ መሣሪያዎች አሁንም ፎንት ካልተሰጣቸው በአማርኛ የተጻፈውን ስም ባዶ ሣጥን አድርገው ያወጡታል፤ ፎንቱን አብረን መላክ ነበረብን። ስለ ወራትም አንድ ጨዋታ አለን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተዘጋጀ ወርኃዊ የሽያጭ ግራፍ እናሳይና አሥራ ሦስተኛው ዓምድ ለምን እንዲህ እንዳጠረ እንጠይቃለን። ስለ ገበያ መቀዝቀዝና ስለ ዓውደ ዓመት ረጅም ትንታኔ ከጻፉ በኋላ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ መሆኗ ትዝ ሲላቸው ክፍሉ ይስቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሁለት ዓመት በፊት በውጭ የምንገኝ ባለሙያዎች የተሰባሰብንበት አንድ ማኅበር ለዚህ ሥራ ድጋፍ ሊሰጠን ፈለገ። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ፕሮፌሰሮች ንግግራቸውን በቪዲዮ እንዲቀዱ፣ መቶ ሰዓት ትምህርት እንዲዘጋጅ፣ ምርቃቱም በይፋ እንዲከበር ነበር። ተከራከርን፣ አልተስማማንም፣ ገንዘቡም አልመጣም። በዚያ ስብሰባ የተናገርኩትን ዛሬም እደግመዋለሁ። የኢትዮጵያ ተማሪ ንግግር አላጣም፤ ከማለዳ እስከ ማታ የሚሰማው ንግግር ነው። የጎደለው የሚያስበውን የሚጠይቀውና መልሱን የሚሰማ ሰው ነው። መቶ ሰዓት ቪዲዮ ይህን ጉድለት በመቶ ሰዓት ያረዝመዋል።

የተቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ ነበራቸው። «ማስረጃህ ከአሜሪካ የመጣ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መግቢያን በኦንላይን መማሪያው አሰናድቶ ከመምህር ጋር ሲያጣምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ተማሪዎቹ የአሥራ አምስት ሳምንቱን ትምህርት በስምንት ሳምንት ጨርሰው ከሌሎቹ ያላነሰ ውጤት አመጡ። በ2012 ደግሞ ያው ትምህርት በስድስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በ605 ተማሪዎች ላይ ተሞከረ፤ ማን በየትኛው መንገድ እንደሚማር በዕጣ ተወሰነ። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ከመምህር ጋር የተገናኙት ተማሪዎች ውጤታቸው ከሌሎቹ አልተለየም፤ ጊዜያቸው ግን በሩብ ያህል ቀነሰ። ይህ የሚያሳየው ሶፍትዌሩ ከመምህር እንደሚበልጥ አይደለም፤ የመምህሩን ሰዓት ከንግግር አውጥቶ ለሌላ ጉዳይ ማዋል እንደሚቻል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ በዕጣ ሲሞከር ነው፤ ያንን ሙከራ መደገፍ ከምርቃት በዓል ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ ኬንያ ውስጥ አለ። የኒው ዚላንዱ ማሲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዳግ ስተርሊንግ «ካስት» የተባሉ፣ በውስጣቸው ሕያው ሥዕሎች ያሉባቸው የስታቲስቲክስ መጻሕፍት አዘጋጅቶ ነበር፤ በማሴኖ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የተሰባሰቡ መምህራን ለአፍሪካ እንዲስማሙ አድርገው ተጠቀሙባቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 «አፍሪካን ዳታ ኢኒሺዬቲቭ» በሚል ስም ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው «አር-ኢንስታት» የተባለ ነጻ የመተንተኛ ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ። የተመሠረተውም «አር» በተባለው ቋንቋ ላይ ነው፤ እርሱንም ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ ሁለት የኦክላንድ መምህራን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመሩት ለክፍላቸው ነበር። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት መሣሪያ የተወለደው ከመምህራን ችግር ነው፤ ሲያድግም ባለቤት የነበረው የተጠቀመበት ሁሉ ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ትምህርት ክፍሎች ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ሊገዛው በማይችለው የንግድ ሶፍትዌር ያስተምራሉ፤ ተመራቂውም ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ሲለይ ሙያውን አብሮ ይለያል።

እኛ የምንጠይቀው ድጋፍ ለማንም በዓል የማያበቃ ነው። የመጀመሪያው የመምህር ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩ ተማሪዎች የሣሏቸውን መስመሮች ሰብስቦ፣ ስማቸውን ትቶ፣ ከክፍል በፊት ለመምህሩ አንድ ገጽ ያወጣለታል፤ ይህን ያህሉ ክምሩ ይሰፋል ብለዋል፣ ይህን ያህሉ ይጠባል። መምህሩ ይህን ይዞ ሲገባ ትምህርቱ ከስንት ገጽ እንደሚጀምር ሳይሆን ከየትኛው እምነት እንደሚጀምር ያውቃል። ነገር ግን በሳምንት አራት ክፍል የሚያስተምር፣ በዚያ ላይ ኑሮው ተጨማሪ ሥራ የሚያስፈልገው መምህር ያችን ገጽ የሚያነብበት ሠላሳ ደቂቃ የለውም። አንድ ኮርስ እንዲቀነስለት የሚከፍል ፈንድ ከመቶ ታብሌት ይበልጣል። ሁለተኛው ጥገና ነው፤ የስልክ ሥርዓት በየዓመቱ ይለወጣል፣ ያልታደሰ ሶፍትዌር በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ ለጥገና ግን ለጋሽ አይገኝም። ሦስተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ኮዱም፣ ተማሪዎቹ የሚተዉት የግምት መረጃም በትምህርት ክፍሉ እጅ መቀመጥ አለበት፤ ከእኛ ማስታወቂያ ወይም ከማንም ኩባንያ ሰርቨር ጋር ሊታሰር አይገባም።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ሶፍትዌሩ ያልጠየቃትን ጥያቄ ጠየቀች። «ዝርዝሩ የ1999 ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሰፈሮች፣ የተፈናቀሉትስ ሰዎች ዕጣ ውስጥ አሉ ወይ?» የዕጣውና የዝርዝሩ ምሳሌ እዚህ ድረስ ይወስዳታል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አጥኚዎች ዕጣ የወጣበትን ቦታ ሄደው ቤቶቹን እንደ አዲስ ይመዘግባሉ፤ ስለዚህ በተመረጠው ቦታ ውስጥ የተሠራው አዲስ ቤት ይገባል። ቦታው ለመመረጥ ያለው ዕድል ግን የተሰላው በድሮው ብዛት ነው፤ ዝርዝሩ በማያውቀው መጠለያ ያለ ሰው ደግሞ ዕጣው አይደርሰውም።

ከዚህ ጥያቄ አንድ አዲስ ክፍል እየሠራን ነው። ተማሪው ያረጀ ዝርዝር ይሰጠዋል፣ ከተሞቹ ያድጋሉ፣ ከፊሉ ሕዝብ ከቦታው ይነሣል፤ የ1,600ው ናሙና ውጤት ምን ያህል እንደሚስት በጣቱ ይሥላል። እዚህ ላይ ናሙናውን አሥር እጥፍ ማብዛት ክምሩን ያጠብባል፤ ወደ እውነተኛው ቦታ ግን አያመጣውም። ክፍሉ በምናባዊ አገር ይሁን ወይስ በትክክለኛው ካርታ በሚለው አልተስማማንም። እኔ ትክክለኛው ካርታ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ኢትዮጵያ ያለው ባልደረባዬ ግን ክፍሉ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች እንዳሉ፣ ከካርታው ጋር ፊት ለፊት የሚቆመውም እርሱ እንደሆነ ያስታውሰኛል። የሚያስተምረው እርሱ ስለሆነ ውሳኔው የእርሱና የትምህርት ክፍሉ ነው። ሁለቱንም ካርታዎች በፋይሉ ውስጥ አስቀምጠን በመጪው መስከረም እንልክላቸዋለን።